የአባቷ ሾርባ

«ታዲያ ጨው መተዋቸው ምን ጠቀማቸው?»

ጥያቄውን የጠየቀው ከኋላ ወንበር የተቀመጠ፣ ኮፍያውን ገልብጦ ያደረገ ተማሪ ነው። ክፉ ልጅ አይመስልም፤ የምር ግራ ገብቶት ነው የጠየቀው። ልጄ ነጩ ሰሌዳ አጠገብ ቆማ መልስ ትፈልጋለች። ባለቤቴ የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ ክንዱ ላይ እንደተጠመጠመ፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። በዚያ ሰፊ ክፍል ውስጥ መልሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ደግሞ በሩ አጠገብ ድስቴን ጭኔ ላይ አቅፌ፣ ክዳኑን በሁለት እጄ ይዤ፣ መሬት መሬቱን አያለሁ።

የዚያን ቀን ጠዋት ከባለቤቴ ቀድሜ ነበር የተነሳሁት። ልጄ ማታ ደውላ፣ «እማዬ፣ ነገ የአባዬን ሾርባ በትልቁ ድስት ሥሪልኝ» ብላኛለች። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ትምህርቷ እነዚህ ከያዙ የማይለቁ በሽታዎች፣ ስኳሩ፣ ግፊቱ፣ የልቡ፣ ገና ሳይመጡ እንዴት እንደሚከለከሉ ነው። ተማሪዎቿ ግን ልጆች ናቸው፤ ስለ ጨውና ስለ ቅባት ስታወራ በወንበሩ ሥር የተጠበሰ ድንች ከላስቲክ እያወጡ ይበላሉ። «ጨው የሌለው ምግብ አፍ ውስጥ አይገባም እያሉ ያሾፉብኛል። አባዬ ይምጣና ራሱ ይንገራቸው። አንቺም ሾርባውን ይዘሽ ነይ፤ ይቅመሱትና አፋቸውን ይያዙ» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። እሺ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

ባለቤቴ ጨው ከተወ ዓመት አልፎታል። ተወ የሚለው እሱ ነው፤ ልጄም ተወ ትላለች፤ ከሕንጻችን ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት ጡረተኛ ጓደኞቹም፣ ልብስ ሰፊው ሳይቀር፣ ተወ ይላሉ። ያልተወው የእኔ እጅ ነው። መጀመሪያ ላይ እውነትም ትተን ነበር። ልጄ ራሷ መጥታ ጨዉን ከነዕቃው ወስዳ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ አንዴ ቀምሶ ማንኪያውን ያስቀምጥና «ይሄ ቤት ነው ሆስፒታል?» ይለኝ ጀመር። ሱሪው ከወገቡ እየወረደ መጣ። አንድ ቀን ጎረቤቴ መናኸሪያው ጋ ያለው ምግብ ቤት ተቀምጦ ሲበላ እንዳየችው ነገረችኝ። ውጭ ቅባትና ጨው ከሚያጋብስ ብዬ፣ ማታ ሾርባው ላይ ቁንጥር አድርጌ ጣል አደረግሁበት። ሳህኑን ጠራርጎ በላና፣ «አየሽ፣ ምላስ እኮ ይለምዳል!» አለኝ። ለልጁም ደወለላት። በስልኩ ውስጥ ስታለቅስ ሰማኋት፤ የደስታ ለቅሶ ነው። ከዚያ ወዲያ በምን አፌ ልመልሰው? ያቺ ቁንጥርም እያደር እንደ ልጅ አደገች።

ጨዉን የማስቀምጠው በሻይ ቅጠል ጣሳ ውስጥ ነው። ማታ ማታ ፊደል መማር ስጀምር ልጄ ብዕር ገዝታልኝ፣ «እጅሽ እንዲለምድ በየዕቃው ላይ ስሙን ጻፊ» ብላኝ ነበር። ስኳሩ ላይ ስኳር፣ ሩዙ ላይ ሩዝ ብዬ ጻፍኩ። ጣሳው ላይ ደግሞ ውስጡ ያለውን እያወቅሁ «ሻይ ቅጠል» ብዬ ጻፍኩ። ልጄ ቅዳሜ ስትመጣ መደርደሪያውን በስልኳ ፎቶ አንስታ ለጓደኞቿ ሁሉ ላከች። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጻፍኳቸው ቃላት አንዱ ውሸት ነው ማለት ነው፤ ያውም ፎቶ የተነሳ ውሸት።

ያን ጠዋት ሽንኩርቱን እየከተፍኩ ነገሩን አመዛዘንኩት። ጨው ካደረግሁበት የወጣት ምላስ ነው፣ ወዲያው ይነቁበታል፤ ልጄ በተማሪዎቿ ፊት ታፍራለች። ካላደረግሁበት ደግሞ ባለቤቴ ከቀመሰው አለቀልኝ። በመጨረሻ ያገኘሁት ብልሃት ሁለት ድስት ነው። በትልቁ ለተማሪዎቹ ጨው የሌለው፤ በትንሿ ደግሞ ለእሱ ቁርስ እንደ ወትሮው። ቤት ጠግቦ ከወጣ እዚያ አይቀምስም አልኩ። ለትልቁ ድስት ነጭ ሽንኩርት አበዛሁለት፣ ካሮቱን አድቅቄ ጨመርኩበት፣ ዋጋው አልቀመስ ያለውን ሎሚ ሳልሳሳ ጨመቅሁበት። ለትንሿ ጣሳውን ከፈትኩ። እጄ ራሱ ያውቀዋል፤ አይኔ እንኳን አላየውም።

ባለቤቴ ቁርሱን በላ። ሁለተኛ ሳህን ስጨምርለት «ዛሬ ምን ነክቶሻል? እንደ ሙሽራ አበላሽኝ እኮ» ብሎ ሳቀ። ልብሱን ለበሰ፤ ያንን ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ የሸለመውን ሙሉ ልብስ። ከመስታወቱ ፊት ቆሞ ክራባቱን ሲያስተካክል ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ አየሁት። ግፊቱ አልወርድ ስላለ ሐኪሙ ክኒኑን ከፍ አድርጎለት ነበር። ልጄ ናት የጠየቀችው፤ «ጨው ከተወ ዓመቱ ነው፣ ታዲያ ካልወረደ መድኃኒቱ አንሶት ነው» ብላ። አዲሱ ክኒን ሲነሳ ያዞረዋል። በዚያው ሰሞን መታጠቢያ ቤት ወድቆ ግንባሩን ተሰፋ። ሲሰፋ እጁን ይዤው ነበር። ሐኪሙ «አይዞዎት እናቴ፣ ትንሽ ነገር ናት» አለኝ። አዎ፣ ትንሽ ነገር ናት።

ታክሲ ውስጥ ባለቤቴ እንደ ልማዱ ፊት ወንበር ተቀምጦ ሹፌሩን ሲያስተምር ሄደ። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነውና ሌላ ሰው ሲነዳ እግሩ አያርፍለትም። «እዚህ ጋ ቀድመህ ማርሽ ቀንስ እንጂ ልጄ!» ይላል፤ ሹፌሩ ደግሞ «እሺ አባባ፣ ቢፈልጉ ይምጡና ይንዱት» ይላል። እኔ ከኋላ ሆኜ ድስቱ እንዳይፈስ በሁለት ጉልበቴ ይዣለሁ። ሾርባው በፎጣ ውስጥ ይሞቀኛል። ዛሬ ብቻ ይለፍ፣ ከነገ ጀምሮ ትንሽ ትንሽ እያልኩ እቀንሳለሁ፣ ሳያውቅ እንደገባ ሳያውቅ ይወጣል እያልኩ ለራሴ ቃል ገባሁ። ይህን ቃል ከዚያ በፊትም ገብቼው አውቃለሁ።

ክፍሉ ሰፊ ነው፤ ወንበሮቹ ወደ ኋላ ከፍ እያሉ የሚሄዱ። ልጄን መምህር ሆና አይቻት አላውቅም ነበር። ድምፅዋ ሌላ ነው፤ ቤት ውስጥ ቃሏን እየዋጠች የምታወራው ልጅ እዚያ ስትቆም ሁሉም ይሰማታል። «ዛሬ እንግዶች አሉን፤ አባቴና እናቴ ናቸው» ስትል ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል በትልቁ ጻፈች። ከተቀመጥኩበት ሆኜ አነበብኩት፤ ጨው። ማንም ሳያግዘኝ ሰው መሃል ያነበብኩት የመጀመሪያው ቃል ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ባለቤቴ ተነስቶ ተናገረ። «ስሙ ልጆች፣ ሹፌር ነበርኩ። ሹፌር ማለት ምግቡ ከየመንገዱ ነው። ጨው ሳልነሰንስ ማንኪያ አላነሳም ነበር። ልጄ ተው ስትለኝ ተቆጣኋት፣ አልዋሽም። ግን ሰው ከቆረጠ ይቆርጣል! አሁን ጨው ያለበት ምግብ ቢሰጡኝ አልወደውም፣ ያንገሸግሸኛል።» ከልቡ ነው የሚናገረው። ፊቱ በርቶ ነበር። ልጄ እያየችው ፈገግ አለች፤ እንደዚያ ስትስቅ ከተማሪዎቿ አትለይም። ከዚያ ግፊቱን እንዴት እንደሚለኩ ልታሳያቸው ጨርቁን ክንዱ ላይ ጠመጠመች። መነጽር ያደረገች ተማሪ ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበችው። ከፍተኛ ነው። ልጄ ደግማ ለካችው። ያው ነው።

«ይሄ የደስታ ነው፣ ብዙ ቆንጆ ልጅ አይቼ ነው» አለ ባለቤቴ፣ ሁሉም ሳቁ። ልጄ ግን አንዳንድ ሰው ላይ ምግብ ብቻውን እንደማይበቃ፣ አባቷም ጨው ትቶ እንኳን ክኒኑ እንደጨመረ አስረዳቻቸው። ያን ጊዜ ነው ባለ ኮፍያው እጁን ያወጣው። «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ? ዓመት ሙሉ ጨው ሳይበሉ ግፊቱ ያው ነው፣ ክኒኑም ጨመረ። ታዲያ ጨው መተዋቸው ምን ጠቀማቸው?» አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አጠገቡ ያለችው ልጅ ያስቀመጠችውን የድንች ላስቲክ አውጥታ እንደገና ከፈተችው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጥፋቴ በአንድ ሰው ሳህን ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር። ለካ ልጄ በየክፍሉ አባቷን ምሳሌ ስታደርግ፣ ከእኔ ማዕድ ቤት የወጣው ነገር ስንት ወንበር ደርሷል።

ልጄ «ባይተው ኖሮ ከዚህ የባሰ ሊሆን ይችል ነበር» አለች። ድምፅዋ ላይ ግን ጥርጣሬ ነበር፤ እናት ነኝና ጆሮዬ ይለየዋል። ወዲያው እጇን አጨብጭባ «በሉ አሁን ሾርባው!» አለች። ባለ መነጽሯ ድስቱን ከጭኔ ላይ ተቀብላኝ በወረቀት ኩባያ መቅዳት ጀመረች። ባለ ኮፍያው ኩባያውን አሽትቶ፣ «አባባ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይቅመሱ፤ እኛ እንከተላለን» አለ።

«ፈራህ እንዴ?» አለው ባለቤቴ።

«አልፈራሁም፤ ትልቅ ሰው ይቅደም ብዬ ነው!»

«ቁርስ በልቷል፣ ጠግቧል» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ተይ እስቲ አንቺ ደግሞ፣ የገዛ ሾርባዬን ብጠጣ ማን ይከለክለኛል?» ብሎ ኩባያውን ተቀበለ። እንደ ማስታወቂያ ሰው ከፍ አድርጎ አሳያቸውና ጠጣ። መንጋጋውን ነበር የማየው። ቆመ። ሰው ፊት ነውና አልተፋውም፤ ዋጠው። ኩባያው ውስጥ አየ። እንደገና ቀመሰ። «ይሄ የኛ አይደለም» አለ።

«ምን ማለትህ ነው አባዬ?»

«የእናትሽ ሾርባ አይደለማ። ይሄ ምንም የለውም። ጨው የለውም እኮ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀልድ መስሏቸው ነው። «አባባ፣ እንዳይኖረው አይደል እንዴ የመጣነው!» አለ ባለ ኮፍያው፣ ሳቁ ደግሞ ጨመረ። ከዚያ ልጄ እንዳልሳቀች እያዩ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ልጄ የአባቷን ግንባር አየች፣ ጠባሳውን። መለኪያውን አየች። በመጨረሻ እኔን። «እማዬ» አለች፣ በመምህር ድምፅዋ ሳይሆን ቃል በምትውጠው በቤት ድምፅዋ። «እማዬ፣ በየቀኑ የሚበላው ይሄንኑ አይደል?»

የድስቱን ክዳን ብቻ ይዤ ቀርቼ ነበር፤ እሱን አገላብጬ አየሁት። ልጄ ወደ ባለ ኮፍያው ዞረች። «ምን ጠቀማቸው ብለህ ጠይቀኸኛል። አልተወም ነበር። አባቴ ጨው አልተወም፤ እኔም አላወቅሁም። ያላረጋገጥኩትን ነገር አስተምሬያችኋለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለችው። ማን እንደጨመረበት አልተናገረችም። ምን ትናገራለች፣ ክዳኑ እኔ እጅ ላይ ነው። ተማሪዎቹ እንዲህ ያለ ጊዜ ሰው እንደሚሆነው ሆኑ፤ ቦርሳቸውን በቀስታ ዘጉ፣ ወንበር እንዳይንቋቋ እየተጠነቀቁ ወጡ። ባለ መነጽሯ ድስቱን ስትመልስልኝ ኩባያዋን ጨርሳ ነበር። «ይጣፍጣል እማማ፣ ከልቤ ነው» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስንመለስ ባለቤቴ ፊት ወንበር ተቀመጠ። ሹፌሩ ቁልቁለቱን በነፃ ማርሽ ለቀቀው፤ የባለቤቴ እግር ግን አልተንቀሳቀሰም። በመስኮቱ በኩል እያየ ነበር። ልጄ ከእኔ ጎን ሆና በመካከላችን ድስቱ ተቀምጧል። አንድ ጊዜ ታክሲው ሲነጥር ሁለታችንም እጃችንን ክዳኑ ላይ አሳረፍን፤ የእሷ እጅ የእኔን ነካው፤ ቀስ ብላ አነሳችው።

ቤት እንደገባን ልጄ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ ማዕድ ቤት ገባች። «የት ነው ያለው?» አለችኝ። ጣሳውን አወረድኩላት። ክዳኑን ከፍታ አየች፣ ዘጋችው፣ በእኔ እጅ የተጻፈውን አነበበች። ፊደሎቹ ጠማማ ናቸው፤ ያኔ ገና ብዕር አያያዜ አልጸናም ነበር። አጠገቡ ባለፈው ሳምንት የጻፍኩበት የምስር ዕቃ አለ። ሁለቱን አስተያየችና «ጽሑፍሽ ግን ተሻሽሏል» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጣሳውን እቦታው መለሰችና ወደ መኝታ ቤቱ ገብታ ሐኪሙ ጋ ደወለች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። «አዎ፣ እቤት ነው የሚበላው... አይ፣ እሱ አያውቅም ነበር... ነገ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ» ስትል ይሰማል።

ባለቤቴ ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። «ሕፃን አደረግሽኝ» አለኝ፣ ሳይጮህ። «ከሁሉ ከሁሉ አግዳሚው ላይ ያን ሁሉ ስፎክር... ልብስ ሰፊው እኮ እኔን ሰምቶ ነው የተወው። እሱ እኮ የምር ነው የተወው! ሚስቱ ትምልልኛለች። አሁን ምን ብዬ ፊቱን አያለሁ?» ስለራበህ ነው ልለው አሰብኩ። ስለከሳህ ነው፣ ስለወደድኩህ ነው ልለው አሰብኩ። ሁሉም እውነት ነው፣ ግንባሩን አያሽርለትም። የተረፈውን ሾርባ አሞቅሁና በሳህን አድርጌ ፊቱ አስቀመጥኩለት። አንድ ማንኪያ ቀመሰ። ሁለተኛውን አነሳና መለሰው። መስኮቱ ላይ የከሰዓቱ ፀሐይ ገና አለ፤ ከታች የአግዳሚው ሰዎች ሳቅ ይሰማል። ወደ መኝታ ቤቱ በር አየት አደረገና፣ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ቀነሰ።

«ትንሽ ብቻ ጣል አድርጊበት። ለዛሬ። አታየንም እኮ።»

ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ሰምቶ። የባሰው ግን ይሄ አይደለም። የባሰው፣ ልቤ እምቢ ሳይል በፊት እግሬ ማዕድ ቤት ገብቶ እጄ ጣሳው ክዳን ላይ መድረሱ ነው። ክዳኑ ሲላቀቅ የሚያሰማትን ድምፅ ስሰማ ነው የነቃሁት። እዚያው ቆሜ፣ «ልጄ!» ብዬ ተጣራሁ። «ልጄ፣ ነይ። አባትሽን ይዘሽው ሂጂ።»

ስልኳን እንደያዘች ወጣች። ባለቤቴ ማንኪያውን ጣለ። «ምን አልሽ? ከገዛ ቤቴ ልታባርሪኝ ነው?»

«እኔ እጄን አላምነውም» አልኩት። «አንተም እኔን ስታገኝ አፍህ አይታመንም። እሷ ጋ ሂድ፣ እሷ አትራራልህም።»

«እማዬ፣ ቤቴ እኮ አንድ ክፍል ናት፤ ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው» አለች ልጄ።

«ይተኛ።»

ልጄ የተከፈተውን ጣሳ አየች፣ የእኔን ፊት አየች፣ ከዚያ ስልኳን ኪሷ ከተተች። ሻንጣውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የሌሊት ልብሱን፣ መላጫውን፣ ወፍራም ካልሲውን። ክኒኖቹን ስከት በየካርቶኑ ላይ ፋርማሲስቷ የጻፈችውን ቀስ ብዬ አነበብኩ፤ ጠዋት የሚለውን ለብቻ፣ ማታ የሚለውን ለብቻ። ባለቤቴ ሲወጣ ደረጃው ላይ ቆም ብሎ፣ የብረቱን መደገፊያ እንደያዘ፣ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ «ሎሚ አብዝተሽበታል» አለ። «እሺ» አልኩት።

በመስኮቱ አየኋቸው። አግዳሚው ጋ ሲደርሱ ልብስ ሰፊው ተነስቶ እጁን ዘረጋለት። ባለቤቴ ሻንጣውን መሬት አስቀምጦ የሆነ ነገር ነገረው፤ ረጅም ነገር ነው፤ ልብስ ሰፊው ባርኔጣውን አውልቆ ሰማው። ምን እንዳለው አልሰማሁም። ከዚያ ልጄ አባቷን በክንዱ ደግፋ መታጠፊያው ጋ ደረሱና ከዓይኔ ጠፉ። እሱ ከእሷ ጋር ሄደ። እኔ ቀረሁ፤ ሾርባው በትልቁ ድስት ግማሽ ድረስ ነበር፣ ሳህን አወጣሁና እንዲሁ እንዳለ በላሁት።